የቸኮለው ማሽን

ከእናቴ ያልወረስኩት አንድ ነገር ቢኖር ትዕግሥት ነው። ሻይ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ አልችልም፤ ምላሴን አቃጥዬ እጠጣዋለሁ። ታክሲ ውስጥ ስቀመጥ ነጂው ሳይሆን እኔ ነኝ በእግሬ ወለሉን የምረግጠው። ስልሳን ካለፍኩ ወዲህም ይኸ ጠባይ አልለቀቀኝም። ባለፈው ሰሞን ጦር ኃይሎች ከባቡሩ ወርጄ የኮልፌን ታክሲ ስጠብቅ፣ እንደ ልማዴ ሰልፉን እየረገምኩ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እግሬ ስቆም፣ ከኋላዬ አንዲት ሴት «እትዬ ዘነበች?» አለችኝ። ዞር አልኩ። አስቴር ነበረች፤ የድሮ ጎረቤታችን፣ የልብስ ሰፊው የጋሽ ወልዴ ልጅ። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ የሰርጓን ፊልም የሠራሁላት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ ወደ አስኮ እስኪሄድ ድረስ አባቷን በሩቅ ባየሁ ቁጥር መንገድ የምቀይር ሰው ሆኜ ነበር።

ተሳሳምን፣ ተጠያየቅን። አባቷ አብረዋት እንደሚኖሩ፣ ጤናቸው ደህና እንደሆነ፣ ዓይናቸው ግን ጨርሶ እንደጠፋ ነገረችኝ። ልጇ ሜሮን ዩኒቨርሲቲ ገብታ የሕንፃ ንድፍ እየተማረች ነው። የገዙላት ኮምፒውተር ያገለገለ ስለሆነ አንድ የሕንፃ ሥዕል ሠርቶ እስኪያወጣ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል፤ አዲስ መግዛት ደግሞ በዛሬ ዋጋ የሚታሰብ አይደለም። የሴሚስተሩን የመጨረሻ ሥራ የምታስረክብበት ቀን ደርሷል። እኔ በዚያ ዘመን ኮምፒውተር ከተሠራበት በላይ አስሮጥ እንደነበር አስቴር አልረሳችም፤ አሁንም ያ ነገር ይቻል እንደሆነ ጠየቀችኝ። ትቼዋለሁ፣ ዓይኔም እጄም ደክሟል ማለት እችል ነበር። እኔ ግን አፌ ከልቤ ይቀድማልና «አምጪው» አልኳት።

ታክሲው ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀመጥኩና መንገዱን ሳይ ሄድኩ። የፈረሰው ፈርሷል፣ የሰፋው ሰፍቷል፤ የድሮውን ጥግ በዓይን ለማግኘት አንገት መቆልመም ያስፈልጋል። ያኔ ሱቃችን ከአጠና ተራ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር፤ አዲስ የተላጠ ባሕር ዛፍ ሽታ እስከ ቢሮው ውስጥ ይገባል። ቢሮ ስል ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ማለቴ ነው። በፊተኛው ክፍል እኔና ኮምፒውተሬ፣ በኋለኛው ክፍል ባለቤቴ ደረጀና ካሜራዎቹ። እሱ ሰርግ ያነሳል፣ እኔ እቆራርጣለሁ፣ ዘፈን እጨምራለሁ፣ በሲዲ አወጣለሁ። ከኮልፌ ጦር ኃይሎች ታክሲ አንድ ብር አይሞላም ነበር፤ ማኪያቶ ሁለት ብር ገባ ተብሎ ሰው ያዝን ነበር። ሙሽሮች ከወገብ በታች ሽቦ የገባበት ቬሎ ይከራዩ ነበር፤ መኪና ውስጥ ሲገቡ ቬሎው ፊታቸው ድረስ ይነሳል። ሴት ሚዜዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ሳቲን፣ ወንዶቹ ትከሻው የሰፋ ባለ ሦስት ቁልፍ ኮት። ጸጉር ላይ የሚነሰነሰው ብልጭልጭ ነገር ከካሜራው መነጽር ላይ ተጠርጎ አያልቅም ነበር። ከሱቃችን ፊት ለፊት ካሴት የሚሸጥ ሰው አንዱን የሰርግ ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ስለሚያጫውተው፣ ዛሬም ቢሆን ኪቦርድ ብቻውን ሲጮህ ስሰማ የባሕር ዛፍ ሽታ ይመጣብኛል።

በዚያ ዘመን አንድ የሰርግ ፊልም ተቆራርጦ ካለቀ በኋላ ኮምፒውተሩ ሁሉንም ፈጭቶ ወደ ሲዲ እስኪለውጠው ሰባት ስምንት ሰዓት ይወስድ ነበር። እኔ ደግሞ ስክሪኑ ላይ ያለችዋን ሰማያዊ መስመር እንደ እባብ ስትጎተት እያየሁ ስምንት ሰዓት መቀመጥ አልችልም። መርካቶ ዕቃ የሚሸጥልን ሰው ነው መላውን የነገረኝ። ፕሮሰሰር፣ የኮምፒውተሩ አእምሮ፣ ከፋብሪካ ሲወጣ የተወሰነለት ፍጥነት አለው፤ ግን ኮምፒውተሩ ሲነሳ አንዲት ቁልፍ ተጭነሽ በምትገቢበት ሰማያዊ ገጽ ላይ አንድ ቁጥር ከፍ ብታደርጊ ከተወሰነለት በላይ ይሮጣል አለኝ። ደመወዝ ሳይጨምሩ ሥራ መጨመር ማለት ነው። እንደ ሕፃን ደስ አለኝ። ሰውዬው ግን ሌላም ነገር ብሎኝ ነበር። የኛ ማዘርቦርድ፣ ዕቃው ሁሉ የሚሰካበት ሰሌዳ፣ ከሁሉ ርካሹ ነው፤ ለፕሮሰሰሩ ኤሌክትሪክ የሚመጥኑት ትንንሽ ጥቋቁር ዕቃዎች ውድ ማዘርቦርድ ላይ የብረት ማቀዝቀዣ ይለብሳሉ፣ በኛው ላይ ግን ራቁታቸውን ናቸው። ስለዚህ ቀስ እያልሽ፣ በትንሽ በትንሹ፣ በየደረጃው ቀኑን ሙሉ እየፈተሽሽ ጨምሪ ብሎ መከረኝ። ጨምሪ የሚለውን ሰማሁ፤ ቀስ የሚለው በሌላው ጆሮዬ ወጣ።

ነገሩን የሞከርኩት በነሐሴ ነው። የኮልፌን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሁለት ሰው ተጯጩሆ ካልሆነ አይሰማማም፣ ብርዱ ጣት ያደርቃል። ማሽኑ በዚያ ብርድ ሁለት ቀን ሙሉ ሳይደናቀፍ ሮጠ። ስምንት ሰዓት የነበረው ሥራ ስድስት ሰዓት ሆነ። በሰፈሩ ያልነገርኩት ሰው የለም። የዳቦ ሰልፍ ላይ፣ የዕድር ስብሰባ ላይ፣ ጸጉር ቤት ካስክ ውስጥ ተቀምጬ ሳይቀር ስለ ማሽኔ አወራሁ። ደረጀ «እስኪ ቀስ በይ፣ በበጋ ምን እንደሚሆን ሳታይ» ቢለኝ፣ አንተ ቀስ ስትል ዓለም አለፈህ ብዬ አሳፈርኩት። እሱ ሻዩን ያማስላል። ያ ማማሰሉ ራሱ ያናድደኝ ነበር።

ጋሽ ወልዴ ከኛ ሁለት በር አልፎ ነበር የሚሰፉት። የስፌት መኪናቸውን በር ላይ አውጥተው፣ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጥለው፣ ከላያቸው ላይ የማትጠፋ ግራጫ ሹራብ ለብሰው። ኮልፌ ውስጥ ኮት ከፈለግህ ጋሽ ወልዴ ጋ ነው። ጨርቅ ከመቁረጣቸው በፊት ሦስት ጊዜ ይለካሉ፤ ባለ ጨርቁ ቆሞ ቢያጉረመርም ግድ የላቸውም። የሰው ጨርቅ ከማበላሽ እጄ ቢቆረጥ ይሻለኛል ይሉ ነበር፤ ይህን ሲሉ አይስቁም። ከአንድ ሁለት ዓመት ወዲህ የዓይን ግፊት አለብዎ ተብለው ጠብታ ያደርጉ ነበር። ሐኪሙ ዓይንዎ ቀስ እያለ ነው የሚሄደው፣ ገና ብዙ ዓመት ይሠሩበታል ብሏቸው ስለነበር እሱን ቃል ይዘው ይሰፋሉ። ግን ፈርተዋል። መርፌ ሲያስገቡ ሰው እንዳያያቸው ወደ ግድግዳው ይዞሩ ነበር።

አስቴርን በጥር ዳሩ። ጥር ላይ ኮልፌ ውስጥ ድንኳን ያልተተከለበት ቅያስ ስለማይገኝ እኛም እጃችን ላይ አምስት ሰርግ ነበር። መብራት ደግሞ በፈረቃ ነው፤ አንድ ቀን ይመጣል፣ አንድ ቀን ይጠፋል። ቅልቅሉ እሑድ ነው፣ እንግዳ ሁሉ ፊልሙን በቴሌቪዥን ሊያይ ነው፣ ለኔ የቀረኝ መብራት ያለበት ቀን ሐሙስና ቅዳሜ ነው። ሐሙስ ጠዋት ደረጀ ኋላ ክፍል ካሜራ ሲጠርግ እኔ ያችን ቁጥር እንደገና ከፍ አደረግኳት። አንድ ደረጃ ብቻ። መፈተሻ ጊዜ አልነበረኝም፤ ማሽኑ ተነሳ፣ ሮጠ፣ ያ በቂ መሰለኝ። ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ቆርቆሮው ላይ ተቀመጠች። ክፍሉ ዳቦ የሚጋገርበት መሰለ፣ ላቤ ኪቦርዱ ላይ ይንጠባጠባል። ነሐሴ ላይ የፈተሽኩትን ማሽን ጥር ላይ በዚያ ጣሪያ ሥር እያስጋለብኩ እንደሆነ አንድም ጊዜ አላሰብኩም። ቢጠፋ ኖሮ ደግ ነበር። አልጠፋም። እየሮጠ ዝም ብሎ ይሳሳት ነበር፤ እኔ ደግሞ የምሰማው የፋኑን ድምፅ ብቻ ነው።

ሲዲው እንደወጣ ጋሽ ወልዴ ብቅ አሉ። እሑድ በእንግዳ ፊት ቴሌቪዥኑ ሥር ገብቼ ከምዋረድ አሁን ብቻዬን ልየው ብለው ለመኑኝ። በሰርጉ ቀን ልጃቸው ስትመረቅ ፊቷን አጥርተው አላዩትም፤ ዓይነ ርግቡ ነበር፣ የካሜራው መብራት ነበር፣ እንባቸውም ነበር። አንድ ዱካ ሳብኩላቸውና ከስክሪኑ አንድ ስንዝር ተቀመጡ። እኔም ገና ሳላየው ነው የከፈትኩላቸው፤ ማየት ጊዜ ይወስዳላ። ድንኳኑ መጣ፣ ሚዜዎቹ መጡ፣ ጋሽ ወልዴ ስማቸውን እየጠሩ ፈገግ ይላሉ። አስቴር ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ብላ ቀና ስትል፣ እሳቸው ሊያዩት የመጡት ፊቷ፣ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ሆኖ ተበታተነ። አረንጓዴ ሆነ። አንድ ዓይኗ ከንፈሯ ላይ ሄደ። ምርቃቱ እስኪያልቅ እንደዚያው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሥዕሉ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ጠራ።

ጋሽ ወልዴ መነጽራቸውን አውልቀው በሹራባቸው ጠረጉት። መልሰው አደረጉት።

«ዘነበች፣ የልጄ ፊት ተሰባበረብኝ። ጡብ ጡብ ሆነብኝ። አንቺም እንዲህ ይታይሻል?»

ደረጀ ከመጋረጃው ወዲያ ነው። ያን ጠዋት እንኳ «ዛሬ አትንኪው» ብሎኝ ነበር፤ ምን ብዬ እንደመለስኩለት ለመጻፍ አፍራለሁ። እውነቱን ብናገር ይሰማል። የዚያን ሰዓት የታየኝ ይኸው ብቻ ነው፤ ፊታቸው ላይ የሚታየውን ፍርሃት እያየሁ ያሰብኩት ደረጀ እንዳይሰማ ነው። ድምፄን ዝቅ አድርጌ መለስኩላቸው።

«አይ ጋሼ፤ ለኔ ደህና ነው የሚታየኝ። ዓይንዎ ደክሞት ይሆናል።»

ተነስተው ግድግዳውን ይዘው ወጡ። ቅዳሜ መብራት ሲመጣ ቁጥሩን ወደ ነበረበት መልሼ ፊልሙን እንደ አዲስ አወጣሁት፤ እያንዳንዷን ደቂቃ ተቀምጬ አየሁ፣ አንድም እንከን የለውም። እሑድ በተከራዩት ጄኔሬተር ሲታይ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ጋሽ ወልዴን ወደ ፊት ይምጡ ቢሏቸው አይቼዋለሁ ብለው ከድንኳኑ ዳር አልተነሱም። ያን ጊዜ ሄጄ ጆሯቸው ላይ አንድ ቃል ብናገር ያልቅ ነበር። ሰው ይበተን አልኩ። ከዚያ ነገ አልኩ። በሳምንቱ የስፌት መኪናቸው ከበሩ ላይ ጠፋ። ለአንድ የወሊሶ ሰው ሸጠውታል። ሰው ለምን ሲላቸው ዓይኔ አታለለኝ፣ የሰው ጨርቅ ይዤ ቢያታልለኝ ምን እሆናለሁ ነው መልሳቸው። በየቀኑ ባዶው በር ላይ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ያያሉ፤ ከሩቅ በስሜ ይጠሩኛል። አዎ፣ ያዩኝ ነበር። ሻይ ለማቀዝቀዝ ትዕግሥት ያጣሁት ሴትዮ ይህንን አንድ ነገር ለመናገር ሃያ ዓመት ቆየሁ።

አስቴር ኮምፒውተሩን ያመጣችው በማግሥቱ ነው። ከፈትኩት፤ ዛሬም ማዘርቦርዱ ከርካሾቹ ነው። ብዙዎቹ ርካሾች ፍጥነት መጨመር ጨርሶ አይፈቅዱም፤ ይኸኛው ይፈቅዳል፣ ያም ለኔ መርዶ ነበር፤ አይቻልም ብዬ ልመልሰው ተስፋ አድርጌ ነበርና። አቧራውን ጠረግሁ፣ ፕሮሰሰሩና ማቀዝቀዣው መካከል የደረቀውን ቅባት አንስቼ አዲስ ቀባሁ፣ ራቁታቸውን ባሉት ጥቋቁር ዕቃዎች ላይ ነፋስ እንዲደርስ አንድ ተጨማሪ ፋን ጎኑ ላይ አሰርኩ። ቮልቱን አልነካሁም፤ ርካሽ ማዘርቦርድ ላይ የሚያቃጥለው እሱ ነው። ከዚያ ፍጥነቱን አንድ ደረጃ ብቻ ከፍ አድርጌ ሙቀቱን በሚያሳይ ፕሮግራም ፊት ተቀመጥኩ። ስሌት እየሰጠ ፕሮሰሰሩን የሚያስጨንቅ፣ ስህተት ሲያገኝ የሚናገር ፕሮግራም አለ፤ እሱን አስነሳሁና ቀኑን ሙሉ ተውኩት። መተው ስል እዚያው ተቀምጬ ነው። ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ሽንኩርት ከተፍኩ፣ ተመለስኩ። ጥፍሬን ነከስኩ። ወሩ መጋቢት ነው፣ ሳሎናችን ደግሞ ግንብ ስለሆነ ይቀዘቅዛል። በሁለተኛው ቀን ሁለተኛ ደረጃ፣ በሦስተኛው ቀን ሦስተኛ ደረጃ ላይ አደረስኩት፤ ሳሎን ውስጥ አንድም ስህተት የለም። የድሮዋ ዘነበች ብትሆን እዚህ ላይ ዘግታ ታስረክብ ነበር። እኔ ግን በዚያው ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ማሽኑን ተሸክሜ ጓሮ ወዳለው የቆርቆሮ ማድ ቤት አስገባሁትና በሩን ዘጋሁበት።

ደረጀ ሻዩን ይዞ መጣና ምን እየሠራሁ እንደሆነ ጠየቀኝ። የአስቴር ቤት አስኮ ላይ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው አልኩት። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ፕሮግራሙ አንድ ስህተት ቆጠረ። አንድ ብቻ፣ ከስንት ሚሊዮን ስሌት ውስጥ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሁለት ደረጃ ወደ ኋላ መለስኩትና እንደገና ማድ ቤት ውስጥ ሁለት ቀን አስጨነቅኩት፤ ንጹሕ ወጣ። ግማሽ ቀን የሚፈጀው ሥራ አንድ ሰዓት ያህል ቢቀንስ ነው፤ አብዛኛውም አቧራው ስለተጠረገ ይመስለኛል። ደረጀ በዚህ ሁሉ ልፋት ይህችን ታህል ነገር ነው ወይ ያገኘሽው ብሎ ሳቀ። የዚያን ጊዜ ነገርኩት። ጋሽ ወልዴ የጠየቁኝን፣ እኔ የመለስኩትን፣ ለምን ድምፄን ዝቅ እንዳደረግሁ ሁሉ። ሻዩን አላማሰለም። ብርጭቆውን አስቀምጦ «ለኔ ምን ያደርግልኛል፤ ለሳቸው ንገሪያቸው» አለኝና ወደ ውስጥ ገባ።

ቅዳሜ ጠዋት በላዳ ወሰድኩት። የአስቴር ቤት ከአስፋልቱ ገባ ያለ ነው። ሜሮን ማሽኑን ተቀብላኝ እዚያው ሳሎን ጥግ ላይ ሰካክታ ሥራዋን አስነሳች። ጋሽ ወልዴ ሶፋው ላይ ናቸው፤ ከስተዋል፣ ጸጉራቸው ነጭ ነው፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው ድምፅ ይጠብቃሉ። ስሜን ሲሰሙ እጃቸውን ዘርግተው የኔን ፈለጉና ያዙት። ስለ ደረጀ ጠየቁኝ፣ ስለ ኮልፌ ጠየቁኝ፣ አጠና ተራ ፈርሷል ወይ አሉኝ። እኔ መቀመጥ አልቻልኩም። አስቴር አረፍ ይበሉ ትለኛለች፣ እኔ ቆሜ ነው የጀመርኩት። ያኔ ፊልሙን ሲያዩ ፊቷ ተሰባበረ ያሉኝን ያስታውሱ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። እንዴት ይረሳል አሉኝ።

«ዓይንዎ አልነበረም ጋሼ። ማሽኑን ከልኩ በላይ አስሩጬው እኔ ያበላሸሁት ሥዕል ነው። እኔም እንደዚያው ነበር ያየሁት። አውቄ ነው የዋሸሁዎት።»

አስቴር የብርጭቆ ሳህኑን እንደያዘች ቆመች። ሜሮን ከስክሪኑ ዞር አለች። ይቅርታ ያድርጉልኝ አልኩ፤ የሰሙኝ አይመስለኝም። እጄን አልለቀቁም፣ ግን ጣታቸው ላላ።

«ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን ተመልሶ አልመጣብኝም» አሉ። «መቀስ የያዝኩ ዕለት ጠብቆ የሚመጣ መስሎኝ ነበር።»

ከዚያ ፊታቸውን ወደ አስቴር አዙረው ዓይኔ ጨርሶ የጠፋው ካንቺ ሰርግ ስንት ዓመት ቆይቶ ነው ብለው ጠየቋት። አስቴር እኔን አላየችኝም። «ስምንት ዓመት አባዬ» አለች። ጋሽ ወልዴ ስምንት የሚለውን ቃል ያለ ድምፅ በከንፈራቸው ደገሙት። ልጅቷ ወዳለችበት ጥግ ዞሩ፤ ማሽኑ ድምፅ ያሰማ ስለነበር የት እንዳለች ያውቃሉ።

«የሜሮንን የክርስትና ልብስ ከሱቅ ነው የገዛነው» አሉ። «ትምህርት ቤት የገባች ዕለት የለበሰችውንም።»